ትርንጎና በአረቄ የታጠበችው ጌም

ትርንጎ ደብረ ታቦርን ለቃ ይፋግ ገባች። ኪዮስኳን ነቅለው በጭነት መኪና ሲጭኑት ደጄ ላይ ቆሜ አይ ነበር። ቆርቆሮው ተነስቶ ሲሄድ ከአጥራችን ጥግ ሣር ያልበቀለበት ደረቅ መሬት ብቻ ቀረ፤ በግድግዳችን ላይም አንድ ቀዳዳ። ቀዳዳው የመብራት ገመዷ የሚያልፍበት ነበር፤ መብራት የምትስበው ከእኛ ቤት ነውና። ሰዎች ይፋግ ባል አግኝታ ነው ይላሉ። እሷ ደግሞ ዋና መንገድ ዳር ስለሆነ ገበያ አለው ብላ ነው የነገረችኝ። ሁለቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም። ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፌዋለሁ፤ ብርዱ በዚያ ይገባል።

ስለ ሰው መጻፍ ልማዴ አይደለም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ መዝገብ ቤት ነው የሠራሁት፤ የጻፍኩት ሁሉ ስምና ቁጥር ነበር። ሆኖም እዚህ ሰፈር ትርንጎ ስትነሳ "ያቺ ስልክ ጠጋኟ" ብለው ያልፏታል። ስልክማ የሚጠግን ሞልቷል።

የጉና ልጅ ናት። ከገብስና ከድንች ማሳ ተነስታ ዐረብ አገር ሄደች፤ ብዙ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ተመለሰች። ሌሎቹ ወርቅና ብርድ ልብስ ይዘው ሲመጡ እሷ ትንንሽ የብሎን መፍቻዎች በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። የሠራችበት ቤት ልጆች በእጅ ይዘው የሚጫወቱባቸው ጌሞች ነበሯቸው። ሲጣሉ ይወራወሩባቸዋል፣ ሲበሉ ምግብ ያፈሱባቸዋል። እናትየው ጥገና ቤት መመላለስ ሲሰለቻት ትርንጎ አንዷን ጌም ሽንኩርት መክተፊያው ላይ አስቀምጣ በቢላ ጫፍ ፈታቻት። መልሳም ገጠመቻት።

"ስትበራ እኔው ራሴ ደነገጥኩ፣ እትየ ውባለም" ትለኝ ነበር። "አንዲት ብሎን ግን ተርፋለች። እስከ ዛሬ ከየት እንደወጣች አላውቅም።"

አጠር ያለች፣ ደልደል ያለች ሴት ናት፤ ድምፅዋ ገበያ ማዶ ይሰማል። ስትሠራ የምላሷን ጫፍ በከንፈሯ ጥግ ታወጣለች። ሰው ቁም ነገር ሲነግራት ደግሞ ጭንቅላቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ታደርግና ምንም አትልም። ዝም ስትል ነው ነገሩ የገባት። ስታወራ ገና አልገባትም ማለት ነው።

እንጀራዋ የስልክ ጥገና ቢሆንም ልቧ ያለው ጌሞቹ ጋ ነበር። ከዐረብ አገር የሚመለሱ ሴቶች ያሳደጓቸው ልጆች የጣሉትን አሮጌ ጌም በሻንጣቸው ይዘው ይመጣሉ። የሚሠራ ይሁን የማይሠራ እነሱም አያውቁም። ይዘው ወደ ትርንጎ ይመጣሉ። እሷም ከመክፈቷ በፊት ታሸተዋለች።

"ይህች ከወጥ ቤት አልወጣችም። ዘይት ዘይት ትላለች" ትላለች። ወይም፣ "ይህች ሽቶ የሚቀባ ጎረምሳ እጅ ነበረች።"

ከዚያ ብሎኖቹን ትፈታና እንደ አወጣጣቸው የቁስል ፕላስተር ላይ ትለጥፋቸዋለች፤ ያቺ የተረፈችው ብሎን ያስተማረቻት ነው። ውስጡን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትጠርጋለች። ከቁልፎቹ ሥር ያሉትን ትንንሽ ጎማዎች በሳሙና አጥባ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። የምታሰጣው ደግሞ እኔ በርበሬ ባሰጣሁበት ሰፌድ ጥግ ላይ ነው። አንድ ጊዜ አንዷን ጎማ ከበርበሬው ጋር ልወቅጣት ስል ለጥቂት ነው የደረሰችብኝ።

ጨዋታ በመጫኑ ላይ ደግሞ ግትር ናት። ሰው ሁሉ መጥቶ "ያለሽን ሁሉ ጫኝልኝ" ነው የሚላት። እሷ እሺ አትልም።

"ሁሉንም ከጫንኩልህ ስትመርጥ ይመሽብሃል" ትላለች። "ቁጭ በል እስቲ።"

ባለጉዳዩን ሣጥን ላይ ታስቀምጥና ጌሙን ታስይዘዋለች። ሲጫወት ስክሪኑንም ፊቱንም አታይም፤ አውራ ጣቶቹን ነው የምታይ። ከዚያ ጥቂት ጨዋታዎች ብቻ መርጣ ትጭንለታለች። የበግ ቆዳ የሚነግድ አንድ ግዙፍ ሰው መጥቶ ተኩስ ያለበት ነው የምፈልገው አላት። እሷ አትክልት የሚተከልበት ጨዋታ ጫነችለት። እየተነጫነጨ ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ ሲመጣ ሊጣላት ነው ብዬ ወጣሁ።

"ትርንጎ፣ ጎመኔን ወፍ ጨረሰብኝ፤ ምን ይሻለኛል?" አላት።

"ማስፈራሪያ አቁምበታ፣ አያ" አለችው፣ ቀና ሳትል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ወደ ባለቤቴ ወደ አያሌው ነገር ለመድረስ ነው። አያሌው ዕድሜውን ሙሉ በጋይንትና በወረታ መንገድ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። አንድ ጠዋት ቀኝ ጎኑ ከዳው። ሆስፒታል ተኝቶ ዳነ፤ እግሩም ተመለሰለት። ቀኝ እጁ ግን እንደ ደከመ ቀረ። እጅህን አሠራው ብለው የምትጨበጥ የጎማ ኳስ ሰጡት። "ሕፃን አደረጉኝ" አለ። ኳሷን ቤት ስጠርግ ከአልጋ ሥር አገኘኋት። ማንኪያ ስለሚወድቅበት ሰው ፊት መብላት ተወ። እንግዳ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ ይመስላል።

ከሁሉ የባሰው የማኅበሩ ነገር ነው። አባቱ የነበሩበት የሚካኤል የጽዋ ማኅበር አለን። አባላቱ በየወሩ በተራ ይደግሳሉ። በመጨረሻ የዕለቱ ደጋሽ ጠላ የተሞላውን ጽዋ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ያስረክባል። ተረኛው ተነስቶ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። በአንድ እጅ፣ ያውም በግራ፣ ጽዋ አይቀበሉም። የአያሌው ተራ እየቀረበ ነበር። ባፈስሰውስ፣ ብጥለውስ አላለኝም፤ እሱ እንዲህ ያለ ነገር አይናገርም። ወደ ነፍስ አባታችን ወደ ቄስ መላኩ ግን ከማኅበሩ ያውጡኝ ብሎ ላከባቸው። ከዚያ ማኅበር ከወጣ ከቤት የሚያወጣው ሌላ ነገር እንደሌለ አውቄ ነበር።

ይህን ለትርንጎ የነገርኳት ጎማዎቿን ከሰፌዴ ላይ ስትለቅም ነው። ጭንቅላቷን ዘንበል አደረገች።

በዚያ ሰሞን አንዲት ተመላሽ አምጥታ የሸጠችላት ጌም ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች። ትርንጎ አሸተተቻት።

"ይህች በቴምር ነው ያደገች" አለች።

ስትከፍታት እውነትም ቴምር ነው። ቁልፎቹ ሥር ገብቶ፣ ደርቆ፣ እንደ ሙጫ ይዟል። ከድምፅ ማውጫው ቀዳዳ የበረሃ አሸዋ ወረደ። ባትሪዋ አብጦ ነበርና በሌላ ቀየረችው። የቴምሩን እድፍ ለማስለቀቅ ግን አልኮል ያስፈልጋል፤ ፋርማሲ ብትልክ አልቋል አሏት። ሌላ ሰው ቢሆን እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር። እሷ ከጎረቤት ዳግም አረቄ አስመጣች፤ ሁለት ጊዜ የወጣውን፣ ብርቱውን። ማንኪያ ላይ ጠብ አድርጋ ክብሪት ጫረችበት። ሰማያዊ ሆኖ ነደደ።

"ይኸው" አለችኝ። "አልኮል ማለት ይኸው ነው። የእነሱ ጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ ስላለበት ነው የሚኮራ።"

በእንጨት ጫፍ ጥጥ ጠቅልላ፣ አረቄ እየነከረች፣ ጌሟን ከቀትር በኋላ ሙሉ ስታጥባት ዋለች። ቴምሩ ለቀቀ፤ ቁልፎቹም ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመሩ። ስክሪኗን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለቻት። ሁሉን ነገር በአፍንጫዋ የምትለይ ሴት ስለ ሽታው አለማሰቧ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በማግስቱ ጌሟን ይዛ ወደ ቤታችን ገባች። አያሌው አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል።

"ጋሽ አያሌው፣ እንደምን ዋሉ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

"አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው የመጣሁ። ይህችን አጥቤ ገጠምኳት። ቁልፏ ይያዝ አይያዝ ግን እኔ አላውቅም። የእኔ እጅ ለምዷታል፤ ጥፋቷን ይሸፍንላታል። የማያውቃት ሰው ይሞክራት ብዬ ነው።"

"እኔ ምኑን አውቄው?"

"መኪና ከጋራዥ ሲወጣ ማነው የሚሞክረው? የጠገነው ነው?"

አያሌው ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። "የጠገነውማ ደህና ነው ነው የሚለው። የሚሞክረው ሹፌሩ ነው።"

"እንግዲያስ" ብላ ጌሟን ጉልበቱ ላይ አስቀምጣለት ወጣች። መልስ አልጠበቀችም።

መጀመሪያ የጫነችለት የመኪና እሽቅድምድም ነበር። ሹፌር ስለሆነ ይወደዋል ብላ ነው። እስኪመሽ እንኳ ሳይቆይ በአጥር ላይ አስጠራት።

"ይህ መኪና ፍሬን የለውም" አላት። "ገደል ይገባል፣ ተገልብጦ ይነሳል፣ ሹፌሩ አንድ ነገር አይሆንም። እንዲህ ያለ መኪና አይነዳም። ውሰጂው።"

ትርንጎ ተቀብላው ወጣች። በሩ ላይ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትየ" አለችኝ። "ሥራቸውን ነው መልሼ የሰጠኋቸው። ጨዋታ አልሰጠኋቸውም።"

ቀጥሎ ያመጣችለት ባለ ቀለም ድንጋዮች አንድ ላይ የሚገጣጠሙበት ነው። "ይህ ዶቃ መደርደር ነው፤ ለውባለም ስጫት" አለ። ለእኔ ሰጠችኝ። አልደብቅም፣ መጥፎ አልነበረም። ምስሩ እስኪያር ድረስ ተጫወትኩ።

ያን ቀን ግን ትርንጎ አጠገቡ ተቀምጣ ጣቶቹን ስታይ ቆይታ ነበር። ጌሟን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ የግራውንም የቀኙንም ቁልፍ በግራ እጁ ነው የሚነካ። ቀኝ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ተጋድሟል።

"ግራ እጃቸው የቀኙን ሥራ ደርቦ እየሠራ ነው" አለችኝ ወጥታ። "ፋታ ስለሚያገኝ ነው። ፋታ የማይሰጥ ያስፈልገኛል።"

ኪዮስኳ ውስጥ ገብታ ስትመርጥ ቆየች። አንዱን ትከፍታለች፣ ቀኝ እጇን ከኋላዋ ታደርጋለች፣ በግራ እጇ ብቻ ትሞክራለች፣ "ይህም ይቻላል" ትልና ትተወዋለች። በመጨረሻ አንዱ ላይ በግራ እጇ ብቻ መጫወት አቃታት። ደስ አላት።

ጨዋታው የዶሮ ነው። አንዲት ዶሮ መኪና የበዛበት መንገድ ትሻገራለች። በግራ ቁልፍ ትሄዳለች፣ በቀኙ ትዘላለች። በሰዓቱ ካልዘለለች ትገጫለች፤ ላባዋ ብትን ይላል፤ እንደገና ከዳር ትጀምራለች።

"ጋሽ አያሌው፣ ዛሬ መኪና አይነዱም" አለችው። "ዛሬ ከመኪና ይሸሻሉ።"

"ዶሮ ልታደርጊኝ ነው?"

"አንድ ጊዜ ብቻ። ቁልፏን ለማየት ነው።"

እኔ በሩ ላይ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ዶሮዋ ተገጨች። እንደገና ተገጨች። አያሌው በነጂዎቹ ላይ መናደድ ጀመረ።

"ይህ ምን ዓይነት ሹፌር ነው? ክላክስ እንኳ አያሰማም እንዴ?"

"እርስዎ ያሰሙ ነበር?"

"እኔ ዶሮ ገጭቼ አላውቅም።"

"በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም?"

"የገጩኝ አሉ" አለ። "እነሱ ናቸው የሚመጡብኝ።"

ትርንጎ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑን ከስክሪኑ አላነሳም። አንድ ትልቅ መኪና ከጎን መጣ። ግራ እጁ ከመሄጃው ቁልፍ ተነስቶ ቀኙ ጋ ለመድረስ ጊዜ አልነበረውም። ያን ጊዜ ቀኝ እጁ ከብርድ ልብሱ ላይ ተነሳ። ማንም አልጠራውም፤ ራሱ መጣ። አውራ ጣቱ ቁልፏን ተጫናት፤ ዶሮዋ ዘለለች።

ምስሩን መልቀም አልተውኩም። ትርንጎ ሥራዋን ምን ያህል እንደምታውቅ ያን ቀን የገባኝ በዚህ ነው፤ ያቺ ተናጋሪ ሴት ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ ጌሟ ከቤታችን አልወጣችም። ትርንጎ "ገና ተሞክራ አላለቀችም" ትላለች። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ትመጣና አጠገቡ ተቀምጣ ትነዘንዘዋለች። "ይሂዱ እንጂ፣ ምን ይጠብቃሉ፣ ተሳፋሪ ነው?" ትለዋለች። "አንቺ ዝም በይ፣ ሹፌር አያናግሩም" ይላታል።

አንድ ከሰዓት ቄስ መላኩ መጡ። ከማኅበሩ ያውጡኝ ብሎ የላከባቸውን ነገር ሊያነሱ ነው። መስቀል አሳለሙን፣ ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡ ተናገሩ። ከአልጋው ላይ የዶሮ ድምፅ ሲሰሙ ዞር አሉ።

"ምንድን ነው ይህ?"

"ጌም ነው፣ አባ" አለ አያሌው፣ አፍሮ።

ዓይናቸው ደከም ስላለ አንስተው ወደ ፊታቸው አስጠጓት። ከዓይናቸው ግን አፍንጫቸው ቀደመ። እንደገና አሸተቱ።

"አያሌው።"

"አቤት፣ አባ።"

"ሐኪሞቹ መጠጥ ከልክለውኛል አላልከኝም ነበር?"

"ከልክለውኛል።"

"ይህ ዕቃ ዳግም አረቄ ይሸታል።"

"እኔ አልጠጣሁም። ታጥባበት ነው።"

"ማን?"

"ጌሟ።"

ቄስ መላኩ እኔን አዩኝ። እኔ ወደ መሬት አየሁ፤ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

"ከማኅበር አውጡኝ ያልከኝ ለካ ሌላ ማኅበር ገብተህ ነው" አሉት።

አያሌው ከታመመ ጀምሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሰማሁት ያን ቀን ነው። "ትርንጎ" ብሎ በመስኮት ተጣራ። "ነይና መስክሪልኝ። ሰካራም አደረግሽኝ።"

ትርንጎ ጠርሙሷን፣ ጥጧንና ማንኪያዋን ይዛ ገባች። መስቀል ተሳለመች፣ ማንኪያው ላይ ጠብ አደረገች፣ አነደደችው፣ ስለ ቴምሩና ስለ ፋርማሲው አስረዳች። ቄሱ ጥጡን አሸተቱ።

"ታዲያ ማሽን ዳግም አረቄ ታጠጫለሽ?"

"አባ፣ ታጠበች እንጂ አልጠጣችም።"

"ከዚህ ቤት ሽታው ሲወጣ ሰው እንዲህ ብሎ ይረዳልሻል?"

እዚህ ላይ ትርንጎ አንገቷን ደፋች። ቄሱ ሳቁና ጌሟን ለአያሌው መለሱለት። "በል እንግዲህ፣ ምን እንደምታደርግ አሳየኝ" አሉት።

አሳያቸው። መጀመሪያ ደንግጦ ስለነበር ዶሮዋ ተገጨች። ከዚያ አንደኛውን መንገድ ተሻገረች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ቄስ መላኩ ጎንበስ ብለው ያያሉ። ስክሪኑን ሳይሆን እጁን ነው የሚያዩት።

"በዚህኛው እጅህ ነው የምታዘልላት?"

"በዚህኛው ነው።"

"ጽዋ ላይኮ መኪና አይመጣም፣ አያሌው" አሉት።

አያሌው ዶሮዋን እንደገና ከዳር አስነሳት። እሳቸውም ስለ ማኅበሩ ሌላ ነገር ሳያነሱ ጸልየው ሄዱ።

የማኅበሩ ዕለት ጠዋት ምንም አልጠየቅሁትም። "ነጩን ልብሴን አምጪው" ሲለኝ አመጣሁለት። ትርንጎ የማኅበሩ አባል አይደለችም፤ ወጥ በማቅረቡ ላግዝ ብላ ኪዮስኳን ዘግታ ከእኛ ጋር መጣች። አያሌው በደጋሹ ቤት ከሰዎች መካከል ተቀምጦ በላ። ማንኪያ አንድ ጊዜ ወደቀበት። ትርንጎ ሌላ ማንኪያ አቀበለችውና አለፈች።

በመጨረሻ ቄስ መላኩ ጸሎት አደረሱ፤ ደጋሹ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነውን የሸክላ ጽዋ አነሳ። የተረኛው ስም ተጠራ። አያሌው ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ፤ ከዚያ ግድግዳውን ለቀቀ። ሁለት እጁን ዘረጋ። ቀኙ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሁላችንም አየነው። ጽዋው እጁ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ጠላ በአውራ ጣቱ ላይ ፈሰሰና በእጅጌው ውስጥ ገባ። ሌላ የፈሰሰ ነገር የለም። ሴቶቹ እልል አሉ።

እኔ እልል አላልኩም። ሌላ ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር።

"ምነው፣ እትየ?" አለችኝ ትርንጎ፣ ተጠግታ።

"ጌሾ የለኝም" አልኳት።

"ምን?"

"ጽዋው ወደ እኛ ቤት መጣ ማለት ለሚቀጥለው ወር የምንደግስ እኛ ነን። ጌሾም የለኝም፣ ብቅልም አላበቀልኩም። ከማኅበሩ ይወጣል ብዬ ቆርጬ ነበር።"

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔን ግን መጥረግ ነበረብኝ። "ብቅሉን እኔ ከጉና አስመጣለሁ" አለችኝ። "ጌሾውንም አብረን እንወቅጣለን።"

ከቤቱ ስንወጣ ዝናብ ጥሎ ነበር። ወደ ቤታችን የሚወስደው ዳገት ጭቃ ሆኗል። እጄን ዘርግቼ፣ "ጽዋውን ልያዝልህ" አልኩት።

"ለምን?" አለኝ።

ትርንጎ ከኋላዬ ነጠላዬን ሳብ አደረገች። እሱ ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ፊት ሄደ፤ እኔና እሷ ስለ ጌሾ እያወራን ተከተልነው።